እንግሊዝኛ መናገርን በኢንተርኔት መለማመድ፦ የትኛው ዘዴ ምን ያህል ያስወጣል?

በአንድ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ የመንግሥት ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ በእንግሊዝኛ አንብቦ ይረዳል፤ ሪፖርቱንም በዚያው ቋንቋ አዘጋጅቶ ልኳል። የድምፅ ማጉያው ወደ እርሱ ሲዞር ግን ልቡ የሚያውቀውን አንደበቱ አላወጣ ይለዋል። መልሱን እያወቀ ዝም ያለ ባለሙያ የሚያጣው የራሱን ዕድል ብቻ አይደለም። የወከለው መሥሪያ ቤት ሊያስረዳ የሚገባው ጉዳይም ሳይነገር ይቀራል።

ይህ ሁኔታ በሀገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስጫ ቋንቋ እንዲሆን ማድረጉ ይታወቃል። በዚህም የተነሳ አብዛኛው ሠራተኛ ቋንቋውን ለዓመታት አንብቧል፤ ጽፎበታል፤ ተፈትኖበታል። ይሁን እንጂ በርካታ ተማሪዎች በሚገኙበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ አፉን ከፍቶ የሚናገርበት ጊዜ እጅግ አነስተኛ ነበር። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የድርጅቱ መቀመጫ የሆነች ሲሆን፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። በመሆኑም በእንግሊዝኛ ተናግሮ ማስረዳት ለብዙ ሠራተኞች የዕለት ሥራ አካል ሆኗል።

የኢንተርኔት አገልግሎት መስፋፋት ልምምዱን ከቤት ሳይወጡ ለማድረግ አስችሏል። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከምንም ተነስቶ የአንድ ሠራተኛን የወር ደመወዝ እስከ መብለጥ ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ እውነተኛ ወጪያቸውን ማሳየት ነው።

ወጪው በምን ይለካ?

አብዛኛው ሰው ዋጋን የሚያወዳድረው በወር ወይም በሰዓት በሚጠየቀው ክፍያ ነው። ይህ መለኪያ ግን ያሳስታል። መናገር የሚለመደው በመናገር በመሆኑ ተጠቃሚው በእርግጥ የገዛው ነገር የራሱ አንደበት የሠራበት ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት የፈጀ ትምህርት ተማሪው አምስት ደቂቃ ብቻ የተናገረበት ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ለአምስት ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ዋነኛ መለኪያ የአንድ የመናገሪያ ደቂቃ ዋጋ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይታከላሉ። የመጀመሪያው የኢንተርኔት ጥቅል ወጪ ነው። ሁለተኛው የክፍያ መንገድ ነው፤ ይኸውም አገልግሎቱ በብር ወይስ በዶላር ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ነው። ሦስተኛው ተጠቃሚው የሚሰዋው ጊዜ ነው።

ስሌቱ እንዲያመች አንድ የአሜሪካ ዶላር በ150 ብር ተወስዷል። ምንዛሪው ከዕለት ዕለት የሚለዋወጥ በመሆኑ አንባቢው የዕለቱን ዋጋ ተክቶ ማስላት ይኖርበታል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11 ሺህ 500 ብር መሆኑ ለማነጻጸሪያ ያገለግላል።

ምን ያህል ሰዓት ያስፈልጋል?

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2001 ይፋ ያደረገው የቋንቋ ብቃት መለኪያ ተማሪዎችን በስድስት ደረጃዎች ይከፍላል። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ድርጅት እንደሚገምተው ሦስተኛውን ደረጃ ለመያዝ በድምሩ ከ350 እስከ 400 ሰዓት፣ አራተኛውን ደረጃ ለመያዝ ደግሞ ከ500 እስከ 600 ሰዓት በአስተማሪ የታገዘ ትምህርት ያስፈልጋል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ለመሸጋገር እስከ 200 ሰዓት ያህል ይወስዳል ማለት ነው። አራተኛው ደረጃ በሥራ ስብሰባ ላይ ሃሳብን ያለ ብዙ ችግር ለማስረዳት የሚያስችል ነው።

እነዚህ ሰዓታት ማንበብን፣ መጻፍንና ማዳመጥንም የሚያካትቱ ሲሆኑ ሙሉ በሙሉ የመናገር ልምምድ አይደሉም። ያም ሆኖ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያሉ። ለአንድ ወር ተከፍሎበት የሚቋረጥ ልምምድ የትም አያደርስም። በሳምንት ስድስት ቀን በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት የሚለማመድ ሰው በዓመት 156 ሰዓት ያጠራቅማል። ከዚህ አኳያ ጥያቄው የትኛው ዘዴ የተሻለ ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ ሊከፍለው የሚችለው የትኛውን ነው የሚለው ነው።

እየሰሙ መድገም

ከሁሉም የረከሰው መንገድ የተቀዳ ንግግር እየሰሙ ከተናጋሪው ጋር እኩል መድገም ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ በ1943 ነው። ዛሬ በድረ ገጹ ላይ ከሚያቀርባቸው ነፃ ዝግጅቶች መካከል ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው ሳምንታዊ የውይይት ዝግጅት በስፋት ይታወቃል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮም እ.ኤ.አ ከጥቅምት 1959 ጀምሮ 1 ሺህ 500 ያህል ቃላትን ብቻ በመጠቀምና በዝግታ በማንበብ ለቋንቋው ተማሪዎች ሲያሠራጭ መቆየቱ ይታወሳል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት በወሰደው እርምጃ የጣቢያው ሥራ በእጅጉ በመስተጓጎሉ በዚህ አገልግሎት ላይ ብቻ ተማምኖ ልምምድ ማቀድ አይመከርም።

የዚህ ዘዴ ወጪ የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው። ድምፁ አንድ ጊዜ በእጅ ስልክ ላይ ከተጫነ ደግሞ በታክሲ ውስጥም ሆነ በእግር ጉዞ ላይ ያለ ኢንተርኔት ሊደመጥ ይችላል። ጉድለቱ መልስ የሚሰጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ሠራተኛው አንደበቱን ያፍታታል፤ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲገጥመው ግን ምን እንደሚሆን አይፈተንም።

ቋንቋን በቋንቋ መለዋወጥ

ሁለተኛው መንገድ አማርኛ መማር ከሚፈልግ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋር ጊዜ መከፋፈል ነው። ከግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ፣ ከግማሽ ሰዓት በአማርኛ መነጋገር የተለመደው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ በ2012 ሥራ የጀመረው ሄሎቶክ እና መነሻውን በርሊን ያደረገው ታንደም በዚህ ረገድ የሚታወቁ ሲሆን፣ መሠረታዊ አገልግሎታቸው ነፃ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ባዶ እጁን አይቀርብም። በለንደን፣ በፓሪስና በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች አማርኛ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየ ትምህርት ነው። በአሜሪካ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆችም የወላጆቻቸውን ቋንቋ ለማወቅ ይፈልጋሉ። እነዚህን የመሰሉ ሰዎች የሚያነጋግራቸው አማርኛ አዋቂ ማግኘት አይቀልላቸውም። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው በዶላር ሳይመነዘር የሚያገለግል ሀብት ነው ማለት ነው።

ወጪው በጊዜ ይከፈላል። አንድ ሰዓት ተነጋግሮ ሠላሳ ደቂቃው ለእንግሊዝኛ ቢውል፣ ሠራተኛው ራሱ የሚናገረው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ተስማሚ ተነጋጋሪ ለማግኘት ብዙ ሙከራ የሚጠይቅ መሆኑና አብዛኛው ሰው በቤተሰብና በምግብ ዙሪያ ከተጨዋወተ በኋላ የሚያወራው የሚያልቅበት መሆኑ የዘዴው ድክመቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ርዕስ አስቀድሞ መወሰን ችግሩን ያቃልላል።

በቡድን መነጋገር

በቴሌግራም ላይ እ.ኤ.አ ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በቡድን በድምፅ መነጋገር የተቻለ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ያለ ምንም ክፍያ ሊሰባሰቡበት ይችላሉ። በቡድኑ ውስጥ ብዙ ሰው ከተገኘ ግን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ያጥራል። ከአራት የማይበልጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ቢገናኙ እያንዳንዱ በቀን ከሰባት ደቂቃ በላይ ይናገራል። በስብሰባ የሚያጋጥማቸውንም ቃላት በጋራ ይለማመዳሉ።

እ.ኤ.አ በ1924 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ቶስትማስተርስ ደግሞ በሕዝብ ፊት መናገርን የሚያለማምዱ ክበቦችን ያቀፈ ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሰበሰቡ ክበቦችም አሉት። እ.ኤ.አ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ የአባልነት መዋጮው በየስድስት ወሩ 60 ዶላር ሲሆን፣ አዲስ አባል በተጨማሪ 20 ዶላር ይከፍላል። መዋጮው በስሌታችን በወር 1 ሺህ 500 ብር ይሆናል። አንድ አባል በወር አንድ የሰባት ደቂቃ ንግግርና ሁለት የሁለት ደቂቃ ድንገተኛ ምላሾች ቢያቀርብ በድምሩ 11 ደቂቃ ተናግሯል። የአንዱ ደቂቃ ዋጋ ወደ 136 ብር ይጠጋል። ይህ ውድ ነው። የሚገዛው ነገር ግን ተራ ወሬ ሳይሆን በሰዓት የተለካ ንግግርና ከአድማጮች የሚሰጥ አስተያየት በመሆኑ መድረክ ላይ ለሚወጡ ኃላፊዎች ጠቃሚ ሊሆን ይችላል።

ከአስተማሪ ጋር መነጋገር

በክፍያ ከሚሰጡት አገልግሎቶች መካከል እ.ኤ.አ በ2007 የተጀመረው አይቶኪ እና በ2012 የተመሠረተው ፕረፕሊ ተማሪንና አስተማሪን የሚያገናኙ ገበያዎች ናቸው። ዋጋውን የሚተምነው አስተማሪው ራሱ ነው፤ ድርጅቶቹ የሚያገኙት ከክፍያው ላይ በሚቆረጥ ኮሚሽን ነው። በፕረፕሊ የመጀመሪያው የሙከራ ትምህርት ሙሉ ክፍያ ለድርጅቱ ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላም አስተማሪው ባስተማረው ሰዓት መጠን ከ33 በመቶ ጀምሮ እስከ 18 በመቶ የሚወርድ ኮሚሽን ይቆረጥበታል። ተማሪው የሚከፍለው ሁሉ ለአስተማሪው የሚደርስ አለመሆኑን ማወቅ የዋጋውን አወጣጥ ለመረዳት ይጠቅማል። ካምብሊ የተሰኘው ደግሞ ደቂቃን በወርሃዊ ክፍያ የሚሸጥ ነው።

ዋጋው በአስተማሪው ሀገር የኑሮ ደረጃ ይወሰናል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ተወላጆች ከፍተኛ ክፍያ ሲጠይቁ፣ የፊሊፒንስ አስተማሪዎች በአብዛኛው በዝቅተኛ ዋጋ ያስተምራሉ። እንግሊዝኛ በፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት ከመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ፣ የጃፓን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ የፊሊፒንስ አስተማሪዎችን በኢንተርኔት ከጃፓናውያን ተማሪዎች ጋር በማገናኘት ሰፊ ገበያ ፈጥረዋል። ለስብሰባ ሥራ የሚዘጋጅ ሠራተኛ የግድ ከለንደን አነጋገር ጋር መላመድ አያስፈልገውም። በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ የሚሰማው እንግሊዝኛ የናይሮቢ፣ የአቡጃና የፕሪቶሪያም ጭምር ነውና።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። በሰዓት 10 ዶላር የሚጠይቅ አስተማሪ በስሌታችን 1 ሺህ 500 ብር ያስከፍላል። ተማሪው የሰዓቱን ግማሽ ቢናገር የአንዱ የመናገሪያ ደቂቃ ዋጋ 50 ብር ነው። በሰዓት 5 ዶላር ለሚጠይቀው ደግሞ 25 ብር ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ በ10 ዶላር የሚማር ሰው በአራት ሳምንት 80 ዶላር ወይም 12 ሺህ ብር ያወጣል። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው መነሻ ደመወዝ ይበልጣል።

ብዙዎች ይህን ወጪ ሽሽት ወደ ቡድን ትምህርት ይዞራሉ። ስድስት ተማሪዎች ያሉበት የአንድ ሰዓት ክፍል ለአንድ ሰው 4 ዶላር ብቻ ያስከፍላል እንበል። አስተማሪው ሃያ ደቂቃ ቢናገር የቀረው አርባ ደቂቃ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚህ ስሌት የአንዱ ደቂቃ ዋጋ 90 ብር ይደርሳል። በወረቀት ላይ ርካሽ የመሰለው ትምህርት በመናገሪያ ደቂቃ ሲለካ ከግል አስተማሪ የላቀ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በብር የሚከፈለው የሀገር ውስጥ አስተማሪም መዘንጋት የለበትም። ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ የእንግሊዝኛ መምህር በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሊያለማምድ፣ ክፍያውንም በ2013 ዓ.ም ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ ሊቀበል ይችላል። ዋጋው በስምምነት የሚወሰን ሲሆን ከምንዛሪ ለውጥ ነፃ ነው። በተጨማሪም የአማርኛ ተናጋሪዎችን ስህተት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከማሽን ጋር መነጋገር

በቅርብ ዓመታት የታየው ትልቁ ለውጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ በኅዳር 2022 ይፋ ከሆነ በኋላ በ2023 በድምፅ መነጋገር የጀመረ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገልግሎቱ ለነፃ ተጠቃሚዎችም ተከፍቷል። የጉግል ጀሚናይም እ.ኤ.አ በ2024 ተመሳሳይ የድምፅ ንግግር በነፃ ማቅረብ ጀምሯል። ዱኦሊንጎ በዚህ ቴክኖሎጂ የታገዘውን የንግግር ልምምድ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 ባስተዋወቀው ውድ የክፍያ ዓይነቱ ውስጥ አካቷል። ኤልሳ ስፒክ ደግሞ በዋነኛነት የቃላት አጠራርን የሚያርም ነው።

የአጠራር ማረሚያ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥቅም አለው። ምላስን በጥርስና በጥርስ መካከል በማድረግ የሚወጡት ሁለት የእንግሊዝኛ ድምፆች በአማርኛ የሉም። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚሉት ሁለት ቃላት በእኛ አፍ አንድ ይሆናሉ። ቃሉ በሁለት ተነባቢዎች ሲጀምር ደግሞ ትምህርት ቤት ለማለት «እስኩል» እያልን ከፊት «እ» እንጨምራለን። እንዲህ ያለው ስህተት ሰው ለማረም ይሉኝታ የሚይዘው ሲሆን፣ ማሽን ግን መቶ ጊዜ ቢደጋገም አይሰለቸውም።

ከቻትጂፒቲ የክፍያ ዓይነቶች መካከል በወር 20 ዶላር የሚጠየቅበት በስሌታችን 3 ሺህ ብር ነው። በወር 26 ቀን በየዕለቱ 12 ደቂቃ የሚናገርበት ሰው 312 ደቂቃ ስለሚያገኝ የአንዱ ዋጋ ከ10 ብር በታች ይሆናል። ሦስት ቀን ብቻ ሞክሮ የተወው ሰው ግን 36 ደቂቃ ብቻ በመናገሩ ለአንዱ ደቂቃ ከ83 ብር በላይ ከፍሏል። ለመነሻ ያህል ነፃው አገልግሎት በቂ በመሆኑ ልማዱ ሳይጸና ክፍያ መጀመር አያስፈልግም።

ዘዴው ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ ማሽኑ የተበላሸ አነጋገርን ከዓረፍተ ነገሩ ይዘት ገምቶ ስለሚረዳ ሰው የማይገባውን ንግግር ገባኝ ሊል ይችላል፤ ማመስገንም ያበዛል። ሁለተኛ፣ በማሽን ፊት የማያፍር ሰው በሰው ፊት አያፍርም ማለት አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ሌላ ጉዳይም አለ። በእነዚህ አገልግሎቶች የሚነገረውና የሚጻፈው በድርጅቶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፤ አገልግሎቱን ለማሻሻል ሊውልም ይችላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትን ያልታተመ ሰነድ፣ የድርድር አቋም፣ የዜጎችን የግል መረጃ ወይም የጨረታ ጉዳይ ለመለማመጃነት ማቅረብ ከቶ አይገባም። ከውጭ ሀገር አስተማሪ ጋር በሚደረግ ንግግርም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል የሚፈጠር ስህተት በብር የማይተመን ወጪ ነው።

የኢንተርኔቱ ወጪ

የዙም ኩባንያ ባወጣው መስፈርት መሠረት የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ60 እስከ 100 ኪሎቢት፣ ከአንድ ሰው ጋር የሚደረግ ጥራት ያለው የምስል ጥሪ ደግሞ 600 ኪሎቢት ይፈልጋል። ይህ በመላክም በመቀበልም ሲሰላ የአንድ ሰዓት የድምፅ ጥሪ ከ54 እስከ 90 ሜጋባይት፣ የአንድ ሰዓት የምስል ጥሪ ደግሞ 540 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በወር 12 ሰዓት ለሚለማመድ ሰው ልዩነቱ በአንድ ጊጋባይትና በስድስት ጊጋባይት ተኩል መካከል ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም እ.ኤ.አ በ2022 ሥራ ከጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሚገዛውን ጥቅል ዋጋ በዚህ መጠን ማስላት ይቻላል። በምስል ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ መቀጠል ወጪውን ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርዳል።

ለረጅም ዓመታት የዚህ ዓይነቱ ልምምድ ዋነኛ መሣሪያ የነበረው ስካይፕ እ.ኤ.አ በግንቦት 2025 መዘጋቱ ይታወሳል። ዙም በነፃ አገልግሎቱ ጥሪውን በ40 ደቂቃ የሚገድብ ሲሆን፣ ጉግል ሚት ግን ለሁለት ሰዎች ንግግር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈቅዳል።

የክፍያ መንገድና የሰዓት ጉዳይ

በብር የሚሠሩ የሀገር ውስጥ ባንኮች ካርዶች በውጭ ድረ ገጾች ላይ ለመክፈል በአብዛኛው አያገለግሉም። ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን ካርድ ማውጣት ራሱን የቻለ ሂደት ነው። ሌሎች ሰዎች በውጭ ሀገር ዘመድ በኩል ያስከፍላሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ ላይ የተመሠረተ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ተግባራዊ መሆኑ ደግሞ በዶላር የሚከፈለውን ሁሉ ለውጦታል። ቀደም ሲል 1 ሺህ 150 ብር ገደማ የነበረው 20 ዶላር በ150 ብር ስሌት 3 ሺህ ብር ሆኗል። በተጨማሪም አብዛኞቹ አገልግሎቶች ተጠቃሚው ካልሰረዛቸው በስተቀር ክፍያውን በራሳቸው ያድሳሉ። በፕረፕሊም ክፍያው በየአራት ሳምንቱ የሚታደስ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ የገንዘብ ኪሳራ ከሰዓት አቆጣጠር ይመነጫል። በገጾቹ ላይ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በቀጠሮው ያልተገኘ ወይም አስቀድሞ ያልሰረዘ ተማሪ ክፍያው አይመለስለትም። ማኒላ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። በመሆኑም የፊሊፒንስ አስተማሪ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ከመግባት በፊት ሲመች፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተነጋጋሪዎች ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይመቻሉ።

በንጽጽር ሲታይ

ከላይ የቀረበው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው፦

እየሰሙ መድገም፦ የኢንተርኔት ወጪ ብቻ፤ አንደበትን ለማፍታታት ይጠቅማል፤ ምላሽ የለውም።

ቋንቋ መለዋወጥ፦ በገንዘብ ምንም፤ በጊዜ እጥፍ፤ እውነተኛ ንግግር ይገኝበታል።

የባልደረቦች ቡድን፦ የኢንተርኔት ወጪ ብቻ፤ የሥራ ቃላትን ያለማምዳል፤ ስህተት የሚያርም ሰው ያስፈልገዋል።

የንግግር ክበብ፦ በመናገሪያ ደቂቃ ከ100 ብር በላይ፤ ለመድረክ ያዘጋጃል።

የግል አስተማሪ፦ በሰዓት ከ5 እስከ 10 ዶላር በሆነ ዋጋ በመናገሪያ ደቂቃ ከ25 እስከ 50 ብር፤ እርማቱ የተሟላ ነው።

ማሽን፦ በነፃው የኢንተርኔት ወጪ ብቻ፤ በክፍያው ለሚተጋ ሰው በደቂቃ ከ10 ብር በታች፤ ሰውን አይተካም።

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው መደምደሚያ አንዱን ዘዴ መርጦ ሌላውን መተው አዋጪ አለመሆኑን ነው። የዕለቱን ልምምድ ነፃ በሆኑት፣ ማለትም በመድገም፣ በማሽንና በባልደረቦች ቡድን ማካሄድ ይቻላል። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ደግሞ ስህተትን ለሚነግር አስተማሪ መክፈል ይገባል። እንዲህ ያለው ዕቅድ በ10 ዶላር አስተማሪ ቢሰላ በወር ከ1 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ ብር ያስወጣል። በብር በሚከፈል የሀገር ውስጥ መምህር ከተሠራበት ደግሞ ከዶላሩ ጭንቀት ይገላግላል።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ከሥራ መውጫ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኢንተርኔትና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ለሠራተኞች ልምምድ መፍቀድ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ድጋፍ ነው። ለጥቂት ቀናት ብቻ ከሚሰጥ ሥልጠና ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የግማሽ ሰዓት ልምምድ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ የሰዓቱ ስሌት ራሱ ያመለክታል።

ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጁ ሠራተኞች እንደሚያውቁት የአይኢኤልቲኤስ የንግግር ፈተና የሚፈጀው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ ነው። በስብሰባ ላይ ለአንድ ሀገር ተወካይ የሚሰጠው ጊዜም ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሚያበቃው በአንድ ጊዜ የወጣ ብዙ ገንዘብ ሳይሆን በየዕለቱ የተነገሩ ትንንሽ ደቂቃዎች ድምር ነው።